ውኃው ሲወርድ አንተ ምን ትወጣለህ?

የቦረና ሰው እንግዳ አያስቀይምም። «አትችለውም» አይልህም፤ ንቀት ይሆንበታል። «ትወድቃለህ» አይልህም፤ ሟርት ይሆንበታል። ታዲያ ከአዲስ አበባ ወይም ከደሴ ድረስ መጥተህ «እዚያ ፏፏቴ አናት ላይ ልወጣ ነው» ስትለው ምን ያድርግ? ይተርብሃል። ከጫማህ እስከ ባርኔጣህ አንዴ ያይህና ምክሩን በሳቅ ጠቅልሎ ይሰጥሃል። በሳቁ ተቀይመህ ምክሩን ከጣልከው፣ ከዚያ ወዲያ ጉዳዩ የአንተና የገደሉ ነው።

አገሩን ላላየ ሰው፦ መካነ ሰላም ከባሕር ጠለል ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የተቀመጠች የወሎ ቦረና ከተማ ናት። ደጋው ላይ ስትሄድ አገሩ ሜዳ ይመስልሃል፤ ጠርዙ ላይ ስትደርስ ግን መሬቱ ከእግርህ ሥር ይቆረጣል። ታች ዓባይ፣ ማዶ ጎጃም። ክረምት ያጠገበው ጅረት ሁሉ ከዚህ አፋፍ እየዘለለ ነው ወደ ዓባይ የሚገባው። ስለዚህ እዚህ አገር ፏፏቴ ብርቅ አይደለም፤ ብርቁ ፏፏቴ ለማየት ብሎ ዳገት የሚወጣ ሰው ነው። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በአማራ ክልል የገባው ግጭት ይህን ብርቅ እንግዳ ይበልጥ እንዲሳሳ አድርጎታል። ዛሬም የሚነሳ ሰው መጀመሪያ ደውሎ መንገዱን ይጠይቃል። ተረቡ ግን ግጭት ቢመጣም አልሳሳም።

ገና ሳይነሱ

እንግዳው ከባጃጅ ሳይወርድ ይጠይቃል።

«የዚህ ፏፏቴ ስሙ ማን ይባላል?»

«ስም ያለው ወንዙ ነው። ይሄ የወደቀበት ቦታ ነው። አንተ የወደቅክበትን ሁሉ ስም ታወጣለታለህ?»

ከከተማው ብዙም ሳይርቅ የቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ብሔራዊ ፓርክ አለ፤ የአገሬው ሰው በቀድሞ ስሙ ደንቆሮ ጫካ የሚለው። አስታውና ጓሳው፣ ጭላዳውና ቀይ ቀበሮው ያለበት ነው። ታችኛው ጫፉ 1,900 ሜትር፣ ላይኛው 3,700 ሜትር ገደማ ይደርሳል። አንዱ እንግዳ መንገድ ጠፋውና ከብት የሚጠብቅ ልጅ አገኘ።

«አንተ ልጅ፣ ደንቆሮ ጫካ በየት በኩል ነው?»

«ዝም ብለህ ሂድ ጋሼ። ጮኸህ ስትጠራ የሚሰማህ ሰው ሲጠፋ ደርሰሃል።»

ልጁ ቀለደ እንጂ አልዋሸም። ጫካው ውስጥ ስልክ የማይሠራበት ቦታ ሞልቷል፤ የት እንደምትሄድና መቼ እንደምትመለስ ከተማ ላይ ለአንድ ሰው ነግረህ ውጣ ማለቱ ነው።

ቀጥሎ ጫማ ይመጣል። እንግዳው ለጉዞው ብሎ የገዛውን ቆዳ ጫማ፣ ካልሲው ሳይቀር አዲስ፣ ማሰሪያውን እስከ ቁርጭምጭሚቱ አጥብቆታል። አስጎብኚው ኮንጎ ጫማ ነው ያደረገው። ዋጋውን ጠየቀው፤ እንግዳውም ነገረው።

«በዚህ ብር እኮ ግማሽ በቅሎ ይገዛል። ግማሽም ብትሆን ካንተ ትሻላለች።»

«ጥራት ያለው ጫማ ነው፤ ለተራራ ተብሎ የተሠራ።»

«ጫማው ለተራራ ተሠርቷል፤ እግርህስ? ሁለቱ ዛሬ ጠዋት ነው የተዋወቁት። ዳገት ላይ እንዲጣሉ አታድርጋቸው።»

በአዲስ ጫማ ረጅም ዳገት የወጣ ሰው ይህን ተረብ ተረከዙ ላይ ያነበዋል። ጫማ መጀመሪያ ሰፈር ውስጥ ይለመዳል፤ ተራራ የሚወጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ሻንጣውም አይቀርለትም። ድንኳን፣ ሦስት ጃኬት፣ ፓወር ባንክ፣ ድምፅ ማጉያ፣ ምድጃ ሳይቀር ጭኗል።

«ወንድሜ፣ አንተ ፏፏቴ ልታይ አይደለም የመጣኸው። ከሚስትህ ተጣልተህ ዕቃህን ይዘህ ነው የወጣኸው።»

ከአዲስ አበባ በቡድን የሚመጡት ደግሞ ቲሸርት ያሳትማሉ። አንዱ ቡድን ደረቱ ላይ «ተራራውን ድል ነሳነው» የሚል ጽፎ ገና ቁርስ እየበላ ነው። ቡና የምታፈላው ሴትዮ ጽሑፉን አስነበበችና ጠየቀች።

«መቼ ወጣችሁት?»

«አሁን ልንወጣ ነው፣ እትዬ።»

«ውይ! እና ተራራው ሰምቷል?»

ዳገቱ ላይ

ቡድኑ እየዘፈነ ይነሳል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንዲሉ፣ ዘፈኑ ከመጀመሪያው እጥፋት አያልፍም። ከፍታው የራሱ ሒሳብ አለው። 3,500 ሜትር ላይ በአንድ ትንፋሽ የምትስበው ኦክስጅን ባሕር ዳርቻ ላይ ከምትስበው ሁለት ሦስተኛው ያህል ብቻ ነው። በሳይንትና በለጋምቦ ወረዳዎች መካከል ያለው የአምባ ፈሪት ተራራ ደግሞ 3,975 ሜትር ነው፤ እዚያ የደረሰ ሰው የሳንባውን ልክ ያውቃል።

«እዚህ አገር... አየር... የለም እንዴ?»

«አየሩስ አለ። አንተ ከታች ጀምሮ እያወራህ ስለጨረስከው ነው።»

የመውጣት ሕጉ በዚህች ተረብ ውስጥ አለ። ዳገት የሚወጣ ሰው ወሬ ይቀንሳል፣ እርምጃ ያሳጥራል፣ በአፍንጫው ይተነፍሳል። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ከመጣበት ደግሞ ጀግንነት አያሳይም፤ ወደ ታች ይመለሳል።

ከዚያ የዘላለሙ ጥያቄ ይነሳል።

«ስንት ይቀረናል?»

«ቅርብ ነው።»

ሰዓት ያልፋል። እንግዳው ድንጋይ ላይ ይወድቃል።

«ቅርብ ነው አላልከኝም?»

«የጠየቅከኝ ስለ መንገዱ ነው። ስለ እግርህ ብትጠይቀኝ ሌላ መልስ እሰጥህ ነበር።»

የገጠር ሰው ርቀትን በኪሎ ሜትር አይነግርህም፤ ራሱ በሚሄድበት እግር ለክቶ ነው የሚመልስልህ። የከተማ ሰው «ቅርብ ነው» ሲባል በሦስት ያባዛና ምሳውን በዚያ ልክ ይቋጥር።

ከፊት ለፊት አንዲት እናት ትወርዳለች። ጀርባዋ ላይ ቢጫ ጀሪካን አለ፣ 20 ሊትር፤ 20 ኪሎ ማለት ነው። ገመዱ ትከሻዋ ላይ፣ ክዳኑ በፌስታል ተወትፎ፣ እሷ ደግሞ በሁለት እጇ ጥጥ ትፈትላለች። እንግዳው በሁለት እጁ በትር ተመርኩዞ ቆመ።

«እናቴ፣ ይሄ ዳገት ስንት ሰዓት ይፈጅብዎታል?»

«እንጃ ልጄ፣ ባዶ እጄን ወጥቼው አላውቅም። አንድ ቀን ጀሪካኑን ያዝልኝና ልሞክረው፤ ከዚያ እነግርሃለሁ።»

ይህን ሰምቶ ቦርሳው የከበደው እንግዳ ካለ፣ ተረቡ አልገባውም።

ዕረፍት ላይ እንግዳውና አስጎብኚው ለይቶላቸው ገጠሙ። ደንቡ የታወቀ ነው። የተቀየመ ይሸነፋል፣ የተሸነፈ ከተማ ሲገቡ ሻይ ይከፍላል። እንግዳው ጀመረ።

«ከተማችሁ ከመራቁ የተነሳ ኔትወርክ እንኳ በእግሩ ነው የሚመጣው።»

«አንተ ከመድከምህ የተነሳ ጥላህ ቀድሞህ ደርሶ ተኝቷል።»

«ገደላችሁ ከመርዘሙ የተነሳ ጠዋት የወደቀ ድንጋይ ድምፁ ማታ ነው የሚሰማው።»

«ፍርሃትህ ከመብዛቱ የተነሳ ገደሉ ራሱ አንተን አይቶ ወደ ኋላ አለ።»

«ብርዳችሁ ከመክፋቱ የተነሳ በሬው ጋቢ ካልደረበ አያርስም።»

«ጃኬትህ ከመብዛቱ የተነሳ ትናንት አንተን ፍለጋ ጃኬት በጃኬት ስንገልጥ መሸብን።»

እንግዳው ሦስተኛውን ጃኬት አወለቀ። ሻዩም በእሱ ሆነ።

አፋፉ ላይ

አናቱ ላይ ሲደርሱ አንድ ነገር ያታልላል። ከታች ሲያገሳ የሰማኸው ውኃ እዚህ ላይ ዝምተኛ ነው። ሰፋ ብሎ፣ ቁርጭምጭሚት የማያልፍ መስሎ፣ በጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ይንሸራተታል። ድንጋዩ አረንጓዴ አልጌ ለብሷል። ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው ሩቅ ሳይሄዱ ለዚህ ቦታ ነው። እንግዳው ሱሪውን ሰብስቦ፣ ስልኩን ዘርግቶ፣ ወደ ጫፉ ይጠጋል። አንድ አዛውንት ከአሥር እርምጃ ኋላ ቆመው ያዩታል።

«ልጄ፣ የቆምክበት ድንጋይ ከሥሩ ምን እንዳለ ታውቃለህ?»

«ኧረ አላውቅም አባቴ።»

«እኔም አላውቅም። ለዚህ ነው ዕድሜዬን ሙሉ እዚህ የቆምኩት።»

የሥነ ምድር ባለሙያ መጥቶ ቢያስረዳ አዛውንቱ ካሉት ብዙም አይርቅም። ይህ ደጋ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከምድር ውስጥ ወጥቶ በተነባበረ ቅልጥ ዐለት የተሠራ ነው። ንብርብሩ አንድ ዓይነት አይደለም። በጠንካራው ጥቁር ድንጋይ መካከል ለስላሳ የአመድ ዐለት ይገባል። ፏፏቴው እየተረጨ ለስላሳውን ከሥር ይበላዋል፤ ጠንካራው ከላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል። አንድ ቀን እሱም ይገመሳል። ፏፏቴ ወደ ኋላ እየተሰበረ የሚሄደው በዚህ መንገድ ነው። የዛሬው ጠርዝ የነገ ናዳ ነው፤ መቼ እንደሚሆን ደግሞ ለፎቶ አንሺ አይነግርም።

ቀጥሎ የሒሳብ ተማሪው መጣ። ድንጋይ ለቆ ሰከንድ ሊቆጥር ነው። ስሌቱ ትክክል ነው። ሦስት ሰከንድ ከፈጀ 44 ሜትር፣ አራት ከፈጀ 78 ሜትር፣ አምስት ከሆነ ከ120 ሜትር በላይ ይሆናል። ድንጋዩን ሲያነሳ እረኛው ክንዱን ያዘው።

«ጋሼ፣ ታች የአጎቴ ፍየሎች አሉ።»

«ቁመቱን ልለካ እኮ ነው።»

«ለካ። ቁመቱን ትነግረናለህ፣ ፍየሏን ትከፍላለህ።»

ተማሪው ድንጋዩን መልሶ አስቀመጠ፤ ዕውቀቱን ግን ማስቀመጥ አልቻለም። አየር ባያግደው ኖሮ ከ45 ሜትር የሚወርድ ውኃ ታች ሲደርስ በሰዓት ወደ 107 ኪሎ ሜትር ይፈጥናል አለ። የባጃጁ ሾፌር ቀበል አደረገ።

«ታዲያ ደሴ ከሁለት ሰዓት በታች ይገባል ማለት ነው! በሚኒባስ ወገባችን ከሚላቀቅ ለምን በዚህ አንሄድም?»

ሌላው እንግዳ ዓለምን የዞረ ነው፤ ማወዳደር ይወዳል። ጢስ ዓባይ 45 ሜትር ገደማ ነው። የስሜኑ ጅንባር ከ500 ሜትር በላይ ይወርዳል። የቬንዙዌላው ኤንጅል ፏፏቴ 979 ሜትር ሆኖ የዓለም አንደኛ ነው። ይህን ሁሉ ዘርዝሮ ወደ አዛውንቱ ዞረ።

«የእርስዎ አገር ፏፏቴስ ስንት ሜትር ነው፣ አባቴ?»

«ለወደቀ ሰው ሁሉም አንድ ናቸው፣ ልጄ።»

የካቲት ላይ የመጣው ደግሞ ሌላ ጣጣ ገጠመው። ገደሉ አለ፣ ድንጋዩ አለ፣ ውኃው ግን ድንጋይ ላይ የሚያለቅስ ክር ሆኗል።

«ፏፏቴው የታለ?»

«መስከረም ላይ ቆሞ ጠብቆህ ነበር። ስትቀርበት ሄደ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ውኃው ይጠግባል፤ መንገዱ ግን ጭቃ፣ አፋፉ ጉም ነው። መስከረምና ጥቅምት ሰማዩ ይገለጣል፣ ውኃውም ገና አልራበም። ከጥር በኋላ የሚመጣ ሰው ገደል ለማየት መጣሁ ይበል እንጂ ፏፏቴ አይበል። የበልጉ ዝናብ አንዳንዴ ይታደገዋል፤ ግን በልግም ቀጠሮ አያከብርም።

እንስሳቱም የድርሻቸውን ይሰጣሉ፤ በአስጎብኚው አፍ። ማታ ማታ ጭላዳዎች ከሜዳው ተሰብስበው ወደ ገደሉ ጉያ ይወርዳሉ፤ ድንጋይ ላይ ተቃቅፈው ያድራሉ።

«እንዴት ገደል ላይ ያድራሉ?»

«ነብርና ጅብ ስለማይደርስባቸው ነዋ። አንተን ማን አባረረህ?»

ቀይ ቀበሮ ያላየው ያጉረመርማል።

«ይሄን ሁሉ መንገድ መጥተን አንድ ቀበሮ እንኳ አላየንም!»

«እሱ ግን አይቷችኋል። በዓለም ላይ የቀሩት አዋቂዎቹ ከ500 በታች ናቸው፤ የእናንተ ዓይነት ደግሞ በየሳምንቱ ይመጣል። ማን ማንን ለማየት ይቸኩል?»

ማዶ ለማዶ

ከዓባይ ማዶ ያሉትም በምላስ አይታሙም። ጢስ ዓባይ አጠገብ የመጀመሪያው የኤሌክትሪክ ማመንጫ በ1956 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር 11.4 ሜጋ ዋት ነበር። ሁለተኛው፣ 73 ሜጋ ዋቱ፣ በፈረንጆቹ 2001 ተጨመረ። ውኃው በቦይ ወደ ተርባይኑ ሲዞር የፏፏቴው ግርማ ቀጠነ። ከዚያ ወዲህ የመጣ እንግዳ ካሜራውን አንግቦ ጠየቀ።

«ጢስ የሚያስነሳው ውኃ የት ሄደ?»

«አምፖል ውስጥ ገብቷል። ሆቴልህ ሄደህ መብራቱን አጥፋና ተመለስ፤ ይለቁልሃል።»

ጢስ ዓባይ በአሮጌው የአንድ ብር ኖት ጀርባ ላይ ከወፎች ጋር ተሥሎ ነበር፤ እናቶቻችን ፏፏቴውን በመቀነታቸው ቋጥረው ገበያ ሄደውበታል። በኋላ አንድ ብር ወደ ሳንቲም ተለወጠ። ባሕር ዳር ላይ አንዱ ለሌላው ሲያወራ፦

«ፏፏቴው ቀጠነ፣ ብሩም ብረት ሆነ።»

«ተመስገን በል፣ ከሁለቱ አንዱ እንኳ ጠነከረ።»

ወደ ቦረና እንመለስ። እዚህ አገር ገደል ላይ መውጣት የጀመሩት ቲሸርት ያሳተሙት አይደሉም። በ14ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ15ኛው መጀመሪያ የኖሩት ሊቁ አባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫ፣ መጽሐፈ ምሥጢርንና ሰዓታትን የደረሱት፣ ስማቸው ከዚሁ አገር ከጋስጫ ገዳም ጋር ነው የሚነሳው። ወደ ገዳም የሚሄድ አንድ የቆሎ ተማሪ፣ አኩፋዳውን አንግቶ በባዶ እግሩ ሲያዘግም እንግዳው አገኘው።

«ወንድም፣ ሰው እንዴት እንዲህ ያለ ገደል ላይ ይኖራል?»

«እርስዎ ለአንድ ፎቶ ይህን ያህል ከደከሙ፣ ለነፍሱ የመጣ ሰው ቢሰነብት ምን ይገርማል?»

እንግዳው ፎቶ ላንሳህ ሊለው ነበር፤ ተወው።

ሲወርዱ

ሁሉም ስለ መውጣት ይዘጋጃል። ለመውረድ የሚዘጋጅ የለም። ቁልቁለት ላይ ጉልበት ይንቀጠቀጣል፣ የጫማ ጫፍ ጣት ይደቁሳል፣ ልቅ ጠጠር ከእግር ሥር ይከዳል። ሰው የሚጎዳውም ብዙውን ጊዜ እዚህ ነው፤ ደክሞት፣ ረክቶ፣ ወሬ ጀምሮ ሲወርድ።

«ስወጣ ደህና ነበርኩ እኮ! አሁን ምን ሆንኩ?»

«መውጣት በልብ ነው፣ መውረድ በጉልበት ነው። አንተ ልብህን ብቻ ይዘህ መጣህ።»

ሰዓቱንም አይተው ይወርዳሉ። በእኛ አገር ፀሐይ ክረምት ከበጋ 12 ሰዓት ገደማ ትገባለች፤ ፈረንጅ አገር እንዳለችው እስከ ሌሊት አታመሽም። አንዱ «ትንሽ እንቆይ፣ ጀምበር ስትገባ ላንሳ» አለ።

«አንሳት። ከዚያ በኋላ ግን እሷ አልጋዋ ላይ ናት፤ አንተ ገደል ላይ።»

ከተማ ገብተው፣ ሻዩ ተጠጥቶ፣ ጫማው ወልቆ፣ የተረከዙ ቁስል በፕላስተር ተለጥፎ፣ እንግዳው ኪሱን ዳበሰ። ደስ ብሎታል፤ ቆጥቦ መክፈል አልፈለገም።

«በል ንገረኝ፣ ፏፏቴው አናት ላይ ስላወጣኸኝ ስንት ላድርግልህ?»

«ለመውጣቱ አላስከፍልም፤ ሞኝም ብቻውን ይወጣል። የማስከፍልህ በእግርህ ስለወረድክ ነው።»

«በእግሬ ባልወርድ ኖሮስ?»

«እሱማ በዕድር ነው የሚከፈለው።»